ቁጥር የሌለው አዋጅ

በአማራ ክልል መንዝ፣ ሞላሌ ላይ ጉሙ ሳይገፈፍ የማይከፈት አንድ ሱቅ አለ። በሩ ላይ «ስልክ ቻርጅ እናደርጋለን፣ ዘፈንና ፊልም እንጭናለን፣ ፎቶ ኮፒ አለ» የሚል በእጅ የተጻፈ ካርቶን ተንጠልጥሏል። ውስጡ አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት አሮጌ ላፕቶፕና እንደ ሐረግ የተጠላለፈ የቻርጀር ገመድ ነው። ባለሱቁ ሃያ አምስት ዓመት የሚሞላው አይመስለኝም፤ ግን እንደ አያቱ ባና ደርቧል። የመንዝ ብርድ ዕድሜ አይለይም።

በ2016 ዓ.ም ጥር ወር፣ በአንድ የገበያ ቀን፣ ብርዱን ሸሽቼ እዚያ ሱቅ ተቀምጫለሁ። አንዲት እናት ገቡ። ከብብታቸው በመሐረብ የተቋጠረ ነገር አወጡ፣ ፈቱት፤ መስታወቱ ጥጉ ላይ የተሰነጠቀ ስልክ ነው።

«እስቲ ኢሞ መጥቶ እንደሆን እየው።»

ልጁ ተቀበለ፣ ከፍቶ አየ፣ መለሰላቸው። «አልመጣም እማማ።»

«ባለፈውም አልመጣም ነው ያልከኝ።»

«ባለፈውም አልመጣም ነበር።»

ልጃቸው ቤይሩት ናት። ኢንተርኔቱ ከመጥፋቱ በፊት በየእሁዱ በኢሞ ፊቷን ያዩ ነበር። አሁን በመደበኛው መስመር ትደውላለች፤ ካርዱ ውድ ስለሆነ ሰላምታው ሳያልቅ ሂሳቡ ያልቃል። እናትየው ግን ቅሬታቸው በሂሳቡ አይደለም። «በድምፅማ ደህና ነኝ ትለኛለች» አሉ ስልኩን መልሰው እየቋጠሩ። «መክሳት አለመክሳቷን በምን ልወቅ?»

ጥግ ላይ ሌላ ሰው አለ፤ ባለ ባትሪ ስልካቸው ቻርጅ እስኪሞላ የሚጠብቁ፣ ከዘራቸውን በጉልበታቸው መሃል ያቆሙ ሽማግሌ። እስካሁን ዝም ብለው ነበር።

«ለመሆኑ ይህ ነገር የተዘጋው በየትኛው አዋጅ ነው?»

«በአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ነዋ አባቴ» አለ ልጁ።

«እሱንማ በሬዲዮ ሰምቼዋለሁ። ስድስት ወር ነው ያለው። ኢንተርኔት ሲል ግን እኔ አልሰማሁም። የዚህኛው ቁጥሩ ስንት ነው? ማን ፈረመበት?»

ልጁ ሳቀ። «አባቴ፣ የርስት ሙግት አደረጉት እኮ!»

«ታዲያ የተወሰደብህ ነገር አይደለም?»

ጥያቄው ተከትሎኝ ከሱቁ ወጣ። ከዚያ ወዲህ የጠየቅሁት የሕግ ሰው፣ ያነበብሁት አዋጅ፣ የሰማሁት መግለጫ ሁሉ በዚህ ጥያቄ ዙሪያ የሚሽከረከር ሆኖ አግኝቼዋለሁ፤ ቁጥሩ ስንት ነው? ማን ፈረመ?

እንቁጠር። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም የሚኒስትሮች ምክር ቤት በአማራ ክልል ያለውን የጸጥታ ችግር ምክንያት አድርጎ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ አወጀ። ቁጥሩ 6/2015 ነው። ነሐሴ 8 ቀን የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አጸደቀው፤ ሕገ መንግሥቱ በሚያዘው መሠረት መርማሪ ቦርድ ተሰየመ። ስድስት ወሩ ሲሞላ፣ ጥር 24 ቀን 2016፣ ለተጨማሪ አራት ወር ተራዘመ። በግንቦት ማብቂያ ዕድሜው አለቀ። አዋጁን የደገፈው ነበር፣ የተቃወመው ነበር፣ በሱ የታሰረው ብዙ ነው። ይሁንና የተወለደበትና የሞተበት ቀን ይታወቃል። የሚነቅፈው ሰው እንኳ የሚነቅፈውን ወረቀት በእጁ መያዝ ይችላል።

የሞባይል ኢንተርኔቱ አዋጁ በተነገረበት በዚያው ሳምንት ጠፋ። መቼ እንደሚመለስ የተናገረ አልነበረም። በአንዳንድ የክልሉ ከተሞች መመለስ የጀመረው በ2016 ክረምት ነው፤ አዋጁ ካበቃ ሳምንታት በኋላ ማለት ነው። ኢንተርኔቱ የተዘጋው በአዋጁ ጥላ ሥር ነው ካልን፣ ዛፉ ተቆርጦ ጥላው ቀርቷል።

ሕገ መንግሥቱ በዚህ ጉዳይ አፉን የያዘ ሰነድ አይደለም። አንቀጽ 29 ማንኛውም ሰው መረጃንና ሐሳብን የመፈለግ፣ የመቀበልና የማሰራጨት ነፃነት እንዳለው ይናገራል፤ በመረጠው በማናቸውም የማሰራጫ ዘዴ ብሎ ይጨምርበታል። 1987 ላይ ይህን ሲጽፉ ኢሞ አልነበረም፤ «ማናቸውም» የምትለው ቃል ግን ለሚመጣው ሁሉ በር ከፍታ ጠብቃለች። ገደብ ማድረግ ይቻላል፤ የሚቻለው ግን በሕግ ነው። አንቀጽ 93 በአስቸኳይ ጊዜ የማይነኩ መብቶችን ሲዘረዝር 29ን አላካተተም። ስለዚህ መንግሥት በአስቸኳይ ጊዜ የመናገርን ነፃነት ሊገድብ መቻሉ አያከራክርም። የሚያከራክረው ሽማግሌው ያነሱት ነው። አንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ በሆነ መንገድ መከናወን አለበት ይላል። ቀንና ፊርማ የሌለው መዝጊያ በየትኛው በኩል ግልጽ ይሆናል?

በዚህ አገር ሕግ ማለት የሚሰማ ነገር ነበር። ነጋሪት ይጎሰማል፣ አዋጅ ነጋሪው ገበያ መሃል ይቆማል፣ «የሰማህ ላልሰማህ አሰማ» ይባላል። ከ1934 ዓ.ም ጀምሮ ሕግ የሚታተምበት ጋዜጣ ስሙን የወሰደው ከዚያ ከበሮ ነው። ዛሬም የፌዴራል አዋጅ ሁሉ በነጋሪት ጋዜጣ መውጣት አለበት። ፖሊሱም ዳኛውም ተከሳሹም አንድ ወረቀት እንዲያዩ ነው ነገሩ። የአስተዳደር መሥሪያ ቤት ሳይቀር እንዳሻው እንዳይወስን፣ ውሳኔውን በጽሑፍና በምክንያት እንዲያደርግ የሚያዝ የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ከ2012 ጀምሮ አለ፤ ቁጥሩ 1183 ነው። የተበደለ ፍርድ ቤት ይሄዳል። ፍርድ ቤት የሚሄደው ግን ውሳኔውን ይዞ ነው። ያልተጻፈ ውሳኔ ይግባኝ አይባልበትም።

መንዞች ስለ መዝጋት የሚያስተምራቸው አያስፈልግም። ከመሐል ሜዳ በላይ ያለው ጓሳ ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አንስቶ በባላገሩ ሥርዓት ሲጠበቅ የኖረ ምድር ነው። ሣሩ ለቤት ክዳን፣ ለገመድ፣ ለገሳ ይሆናል። እንዳያልቅ ይዘጋል፤ አንዳንዴ ሦስት ዓመት፣ አንዳንዴ አምስት። ከብት የሚያስገባ፣ ማጭድ የሚያነሳ ይቀጣል። ከባድ ገደብ ነው፤ ክረምት ጣሪያው የሚያፈስ ሰው ሣሩን ከሩቅ እያየ ይቆማል። ሆኖም ጓሳ ሲዘጋ ማን እንደዘጋው፣ ለምን እንደዘጋውና እስከ መቼ እንደሆነ የማያውቅ ባላገር አልነበረም። የዘጋው ራሱ የመረጠው አለቃ ነው። ሥርዓቱ ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ በኋላ ቢፈርስም ትዝታው አለ። ከዘራቸውን ይዘው «ማን ፈረመበት?» ያሉት ሽማግሌ ከየት እንደመጡ ለሚያውቅ ሰው ጥያቄው አይገርመውም። በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ የሚል አገር ልጅ ናቸው።

መዝጋቱ ግን ከአማራ ክልል አልጀመረም። ከግንቦት 1997ቱ ምርጫ በኋላ አጭር የጽሑፍ መልእክት በመላ አገሪቱ ተዘግቶ ሁለት ዓመት ያህል ቆየ፤ የተመለሰው ሚሊኒየሙ ሊከበር ሲል ነው። ዛሬ ስናወራው ቀልድ ይመስላል፤ ያኔ ስልክ ያለው ሰው ራሱ ጥቂት ነበር። በ2008 የ12ኛ ክፍል ፈተና ሾልኮ ፌስቡክ ላይ ሲዘረገፍ ፈተናው ተሰርዞ በድጋሚ ተሰጠ፣ ማኅበራዊ ሚዲያ ተዘጋ። በ2009 በፈተና ሰሞን ኢንተርኔቱ እንዳለ ተቋረጠ። በ2011 እንደገና። የዚያኑ ዓመት ሰኔ 15 የአማራ ክልል ርዕሰ መስተዳድርና የጦር ኃይሎች ኤታማዦር ሹም ሲገደሉ ተዘጋ። ሰኔ 22 ቀን 2012 ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ ሲገደል በማግሥቱ ተዘግቶ ሦስት ሳምንት ያህል ቆየ። ጥቅምት 2013 ትግራይ ውስጥ ኢንተርኔቱ ብቻ ሳይሆን ስልኩም ባንኩም ጠፋ፤ ሁለት ዓመት ገደማ። በየካቲት 2015 የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ውዝግብ ሲነሳ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ተዘግተው አምስት ወር ቆዩ፤ አገር ሙሉ ቪፒኤን መጫን ተማረ። እነሱ በተከፈቱ በሳምንታት ውስጥ የአማራ ክልል ሞባይል ዳታ ጠፋ።

ጠቅላይ ሚኒስትሩ በ2011 ክረምት ኢንተርኔት ውሃም አየርም እንዳልሆነ፣ የሰው ሕይወት ለማዳን ካስፈለገ ሊዘጋ እንደሚችል መናገራቸው ብዙ ተተርኳል። እውነት ነው፣ ውሃ አይደለም። ግን ንጽጽሩን ያመጡት እሳቸው ናቸውና ልከተለው፤ የአንድ ቀበሌ ቧንቧ ዓመት ሙሉ ሲዘጋ የውሃ መሥሪያ ቤቱ ማስታወቂያ ሳይለጥፍ ይቀራል? መብራት እንኳ ሲጠፋ በፈረቃ ነው የሚባለው።

የሚገርመው፣ ስለ ኢንተርኔት ንግግር የወጣ ቁጥር ያለው ሕግ ሞልቶናል። የቴሌኮም ማጭበርበር አዋጅ 761/2004፤ ያኔ በስካይፕ ማውራት ሊያሳስር ነው ተብሎ አገር ተሸብሮ ነበር። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ 958/2008። የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ ስርጭት መከላከያና መቆጣጠሪያ አዋጅ 1185/2012። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ 1321/2016። ከነዚህ ሁሉ በፊት ደግሞ የ2001 የፀረ ሽብር አዋጅ 652 ነበረ፤ የዞን ዘጠኝ ጦማርያን በሚያዝያ 2006 ሲታሰሩ በኋላ የተከሰሱት በሱ ነው። ስማቸውን የወሰዱት ከቃሊቲ ነው። ወኅኒ ቤቱ ስምንት ዞን ነበረው፤ ዘጠነኛው እኛ ያለንበት ነው ለማለት። ስድስት ጦማርያንና ሦስት ጋዜጠኞች ታሰሩ። በኢንተርኔት ራስን የመጠበቅ፣ መልእክትን የመመስጠር ሥልጠና መውሰዳቸው በክሱ ውስጥ እንደ ሴራ ተቆጠረ። ግማሾቹ በ2007 ሐምሌ ክሳቸው ተቋርጦ ወጡ፤ የቀሩትን ጥቅምት 2008 ላይ ፍርድ ቤቱ ከሽብር ክስ ነፃ አላቸው። ዓመት ከመንፈቅ ያህል በእስር ተመላልሰዋል። እኔ ይህን የማነሳው መከራው ቀላል ነበር ለማለት አይደለም። ችሎት ነበር፤ ጠበቃ ቆሞ ተከራከረ፤ ዳኛ ማስረጃው አይበቃም አለ። ክፉ ሕግ እንኳ ሕግ በመሆኑ ብቻ አንድ ቀን ሊሸነፍ ይችላል።

የ2012ቱን የጥላቻ ንግግር አዋጅ ልመለስበት፤ ነገሩ የሚከብደው እዚህ ነው።

አዋጁ በየካቲት 2012 ምክር ቤት ሲቀርብ 23 አባላት ተቃውመውታል። ለዚያ ምክር ቤት ትንሽ ቁጥር አይደለም። የጥላቻ ንግግር ያሰራጨ እስከ 2 ዓመት እስራት ወይም እስከ 100,000 ብር መቀጮ። በንግግሩ ሰበብ ጥቃት ከደረሰ ከ1 እስከ 5 ዓመት። ሐሰተኛ መረጃ ያሰራጨ እስከ 1 ዓመት ወይም 50,000 ብር። ድርጊቱ የተፈጸመው ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው የማኅበራዊ ሚዲያ ገጽ ከሆነ ቅጣቱ እስከ 3 ዓመት ይደርሳል። የማኅበራዊ ሚዲያ ኩባንያዎች ጥቆማ በደረሳቸው በ24 ሰዓት ውስጥ እንዲህ ያለውን መልእክት እንዲያነሱ ግዴታ ይጥላል።

አዋጁ በነጋሪት ጋዜጣ በወጣበት በመጋቢት ወር ጋዜጠኛ ያየሰው ሽመልስ ታሰረ፤ ለኮሮና 200,000 መቃብር እንዲዘጋጅ መንግሥት አዟል ብሎ በማሰራጨቱ ነው። በአዲሱ ሕግ ከተከሰሱት የመጀመሪያዎቹ አንዱ ሆነ። 5,000 ተከታይ ያለውን ግለሰብ ማግኘት አይከብድም፤ ቤቱ ይታወቃል። ያ በ24 ሰዓት ውስጥ እንዲያነሳ የታዘዘው ኩባንያስ ቤቱ የት ነው?

ባሕር ዳር ሄደን እንየው። ፕሮፌሰር መዓረግ አማረ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ መምህር፣ የትግራይ ተወላጅ ነበሩ። በ2014 መግቢያ ላይ፣ ጦርነቱ በተጋጋለበት ሰሞን፣ ፌስቡክ ላይ ፎቷቸውና ማንነታቸው ከሐሰት ውንጀላ ጋር ተለጠፈ። አስተያየቱ ሥር ደም የሚጠሩ ነበሩ። ልጃቸው አብርሃም መዓረግ እንዲነሳ ለኩባንያው ደጋግሞ አመለከተ። ጥቅምት 24 ቀን 2014 ፕሮፌሰሩ ቤታቸው በር ላይ በጥይት ተገደሉ። ከኩባንያው መልስ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

24 ሰዓት የሚለው አዋጅ ያኔ ዓመት ከመንፈቅ ሆኖታል። ባሕር ዳር ላይ የሚሠራ ሕግ ነበር። ልጅየው ግን ፍትሕ ለመጠየቅ የሄደው ናይሮቢ ነው፤ የአካባቢውን ይዘት የሚመረምሩ ሠራተኞች የሚሠሩት እዚያ ስለነበር። በታኅሣሥ 2015 የፌስቡክ ባለቤት በሆነው ሜታ ላይ ክስ መሠረተ፤ የአምነስቲ ተመራማሪ የነበረው ፍስሐ ተክሌና ካቲባ ኢንስቲትዩት የተባለው የኬንያ ድርጅት አብረውት ቆሙ። ጥያቄያቸው ገንዘብ ብቻ አልነበረም፤ ጥላቻን የሚያራግበው የኩባንያው አሠራር ይለወጥ ነው። ሜታ የኬንያ ፍርድ ቤት እኔን የመዳኘት ሥልጣን የለውም ብሎ ተከራከረ። በመጋቢት 2017 የናይሮቢው ከፍተኛ ፍርድ ቤት ሥልጣን አለኝ አለ። ያ ብቻ ሁለት ዓመት ከሩብ ፈጀ። ዋናው ሙግት ገና ነበር የሚጀመረው።

እንግዲህ መንግሥት «ወሬ ይገድላል» ሲል ውሸቱን አይደለም። ገድሏል። ኢንተርኔትን የወንዝ ዳር ሽርሽር አድርገው ለሚያወሩ ወዳጆቼ ይህን ሁሌም አስታውሳቸዋለሁ። ነገር ግን ባሕር ዳር ላይ የተፈለገው አንድ ነገር ነበር፤ አማርኛና ትግርኛ የሚያነብ በቂ ሰው ያለው፣ አንዲትን ጽሑፍ በሰዓታት ውስጥ የሚያነሳ ኩባንያ፣ ካላነሳ ደግሞ አገር ውስጥ የሚከሰስበት አድራሻ። መዝጊያው ይህን አያመጣም። የሚለጥፈው ሰው ዋሽንግተንም አዲስ አበባም ተቀምጦ መለጠፉን ይቀጥላል። የማያየው የሚለጠፍበት ሰው ነው፤ ስሙ እንደተነሳ እንኳ አያውቅም።

ሞላሌ ላይ ደግሞ ወሬው በእግሩ መሄድ ጀመረ። እዚያ ሱቅ ተቀምጬ በአንድ ጠዋት መንገድ ተዘግቷል፣ ተከፍቷል፣ ግማሹ ተከፍቷል የሚል ሦስት ዜና ሰምቻለሁ፤ ሦስቱንም ያመጡት ከአንድ አቅጣጫ የመጡ በግ ነጋዴዎች ናቸው። ባለሱቁ ያለው መላ ደውሎ ማጣራት ብቻ ነው። ለተማሪም እንዲሁ ያደርጋል። አዲስ አበባ ያለ ዘመዱ ጋ ይደውልና የመለያ ቁጥር አንድ በአንድ ያነብለታል፤ ዘመዱ በዚያ ስልክ ቴሌግራም ከፍቶ ውጤቱን በዚህ ስልክ ይነግረዋል። የ2015ቱን የ12ኛ ክፍል ፈተና ካለፈው 3.2 ከመቶ ውስጥ መግባት አለመግባቱን እንዲህ በአፍ የሰማ ልጅ አለ። በዚያው ጠረጴዛ ላይ ገንዘብም ይላካል፤ ኮከብ 127 መሰላል ተብሎ ይጫንና ቴሌብሩ ያለ ዳታ ይሠራል። ዲጂታል ኢትዮጵያ 2025 የሚለው ስትራቴጂ በወጣ በሦስተኛ ዓመቱ፣ ነዳጅ በዲጂታል ክፍያ ብቻ ይቀዳ በተባለ በወራት ልዩነት፣ አንድ ትልቅ ክልል በኮከብና በመሰላል ኖረ።

ያን ቀን ከሱቁ ስወጣ እናትየው አስቆሙኝ። አዲስ አበባ ልሄድ መሆኑን ሰምተዋል።

«ይዘህልኝ ሂድ» አሉ ያቺን ቋጠሮ እያቀበሉኝ። «እዚያ ይመጣ የለ?»

«ስልክ ሳይዙ እንዴት ይሆናሉ?»

«አሁንስ ለመብራቱ አይደል የምይዘው?»

መንገዱ ደህና ነው በተባለ ቀን ተነሳን። ጣርማ በር ላይ ነፋሱ ሚኒባሱን እንደ ቅጠል ያወዛውዘዋል። ደብረ ብርሃን፣ ጫጫ። ሰው ያንቀላፋል፣ ያወራል፣ ቆሎ ይዘግናል። ክልሉ አልቆ ወደ ሸኖ ስንጠጋ ኋላ ወንበር ላይ አንድ ስልክ ጮኸ። ቀጥሎ ሌላ። ከዚያ እንደ በረዶ በቆርቆሮ ላይ ሁሉም በአንዴ። «ገባ! ገባ!» አለ ረዳቱ፤ በየጉዞው እንዲህ እንደሚል ያስታውቃል። ወሬው ቆመ፣ አንገት ሁሉ አቀረቀረ። ከጎኔ ያለው ወጣት ብቻውን ሳቀ፤ ለሥራ ቃለ መጠይቅ ተጠርቷል፣ ቀኑ ግን ኅዳር ላይ አልፏል። ከፊታችን የተቀመጠች ሴት እጇን አፏ ላይ አደረገች። ቀጥሎ ድምፅ አወጣች። አሜሪካ የነበረች አብሮ አደጓ ከሁለት ወር በፊት አርፋ ኖሯል፤ ያየችው ሰው «ነፍስ ይማር» እያለ ሲጽፍ ነው። መርዶ እንዲህ አይነገርም። ማለዳ፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ሰው ደግፎ ነው የሚነገረው። ሾፌሩ ጥጉን ይዞ ቆመ። የማያውቋት ሴቶች መቀነቷን ፈተው አጠበቁላት።

ኪሴ ውስጥ ያለው ቋጠሮም ይንቀጠቀጥ ነበር። ፈትቼ አየሁት፤ 17 የድምፅ መልእክት። አልከፈትሁም።

አዲስ አበባ ላይ ስለ ሌሎች አገሮች የነገረኝ የሕግ ባለሙያ ነው። ዚምባብዌ እ.ኤ.አ. በጥር 2019 ኢንተርኔት ስትዘጋ ጉዳዩ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በቀናት ውስጥ ደረሰ። ዳኛው ወደ መናገር ነፃነት እንኳ አልገቡም፤ ትእዛዙን የሰጡት ሚኒስትር ሥልጣኑ የላቸውም ብለው ሰረዙት። የሽማግሌው ጥያቄ ነው ይኸው፤ ማን ፈረመ? ቶጎ እ.ኤ.አ. በ2017 ዘግታ ነበር፤ የምዕራብ አፍሪካ የኢኮኖሚ ማኅበረሰብ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በሰኔ 2020 በአገር ሕግ ያልተደገፈ መዝጊያ ሕገ ወጥ ነው አለ፣ ካሳም አስከፈለ። የሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ካሽሚር ለወራት ከተዘጋ በኋላ እ.ኤ.አ. በጥር 2020 ሁለት ነገር አዘዘ፦ የመዝጊያ ትእዛዝ ይታተም፣ ላልተወሰነ ጊዜ መዝጋት አይፈቀድም። ሕንድ ከዚያ በኋላ መዝጋቷን አልተወችም፤ ይህን መደበቅ አይገባም። ግን የሕንድ ጠበቃ ዛሬ ችሎት ሲገባ በእጁ ወረቀት አለ። እኛ ጋ ፈቃዱ ያለው ጠበቃ አይጠፋም። የሚጠፋው የሚሟገትበት ወረቀት ነው። ከተጻፈ ማን፣ ለምን፣ የትኛውን አካባቢ፣ እስከ መቼ የሚል ይኖረዋል፤ ዳኛ ያየዋል፣ ጊዜው ሲያልቅ ራሱ ይከፈታል። እኔ እስከማየው ድረስ የዚህ ሁሉ ዋጋ አንድ ገጽ ነው።

በአምስተኛው ቀን ሞላሌ ተመለስሁ። ሱቁ ክፍት ነው፤ ሽማግሌው እዚያው ጥግ ላይ፣ ከዘራው እዚያው ቦታ። ከእናትየው በፊት እሳቸው ጠየቁኝ።

«ያን አዋጅ አገኘኸው?»

«አላገኘሁትም አባቴ።»

ራሳቸውን ነቀነቁ፤ የጠበቁት መልስ ይመስላል።

እናትየው ቋጠሮውን ፈትተው ስልኩን ለልጁ ሰጡት። 17ቱም ሸኖ ላይ ገብተው እዚያው አሉ፤ ለመስማት ዳታ አያስፈልግም። ልጁ የመጨረሻውን ሊነካ ሲል እጁን ያዙት።

«ከመጀመሪያው ጀምርልኝ።»

ወደ ላይ ገፍቶ ገፍቶ የመጀመሪያውን ነካው። ውጭ በግ ይጮሃል፣ ሰው ይከራከራል። ከስልኩ የሩቅ መኪና ድምፅ ቀደመ፤ ከዚያ የልጅቷ ድምፅ፣ ቸኩላ፣ «እማ፣ እንኳን ለመስቀል አደረሰሽ» አለች።

የካቲት ነው። እናትየው ነጠላቸውን አስተካክለው ወደ ስልኩ ጎንበስ አሉ።

«እንኳን አብሮ አደረሰን ልጄ» አሉት።